ቁልፉ ማን ኪስ ነበር?

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ከጅማ ነው የምጽፈው። የሚከነክነኝ ጥያቄ አለ። ክርስቲያን የሆነ መሪ ጥፋቱን ሰው ፊት ቢያምን ክብሩ ይቀንሳል?

ጥያቄውን ያመጣብኝ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ነገር ነው። ስሙን አልጠራም። ግቢው ውስጥ የቡና ዛፎች አሉ። በየዓመቱ ወጣቶቹ ይለቅማሉ፣ ቡናው የማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል፣ ከነገለባው የደረቀው ጀንፈል ይሸጣል። ገንዘቡ ለተቸገሩ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይውላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ ሊሸጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ሌሊት ዝናብ መጣ። ሸራው ሳይለብስ ቀረ። ከአራቱ አልጋ አንዱ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ሦስቱ ረጠቡ፣ ሻገቱ፣ በማይረባ ዋጋ ተሸጡ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጥፋቱ የዘበኛው መሆኑ ታመነበት። በዚያው ሌሊት የጥበቃ ቤቱ ላስቲክ ተቀዶ መገኘቱም ተነሣ። ዘበኛው ተሰናበተ።

ከዚያ ኮሚቴ ኃላፊነቱን የወሰደ አንድም ሰው የለም። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘን እየዞርን ለምን ጣታችንን ወደ ሌላ እንቀስራለን? ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።

*

ይህን ማክሰኞ ማታ ለጠፍኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 31 ምላሽ ደረሰው። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም። እንደገባኝ ነው የማወራችሁ።

ምላሽ 1። አንድ አባት ናቸው፤ አጻጻፋቸው ያስታውቃል። ባርከው ጀመሩ። በሽታው ከአዳም እንደመጣ አስታወሱን። አዳም ግን ሔዋንን ብቻ እንዳልከሰሰ ልብ አሰኙን። አንተ የሰጠኸኝ ሴት ብሎ ነው የጀመረው፤ ስለዚህ ክሱ እስከ ሰጪው ድረስ ይደርሳል። ሔዋን ደግሞ ወደ እባቡ ጠቆመች። ሁለቱም የተናገሩት ውሸት እንዳልሆነም አከሉ። ሔዋን በእርግጥ ሰጥታዋለች። እባቡም በእርግጥ አስቷታል። እውነት እየተናገሩም ከኃላፊነት መሸሽ ይቻላል ነው ነጥባቸው። ይቺን ሳነብ ቆም አልኩ።

ምላሽ 2 አሜን ብቻ ነው።

ምላሽ 3። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ የተማሪዎች ኅብረት የሚያገለግል ወጣት ነው። አሮንን አመጣ። ዘፀአት 32 መጀመሪያ ላይ አሮን ወርቁን ከሕዝቡ ተቀብሎ በመቅረጫ ጥጃ አድርጎ እንደሠራው ተጽፏል። ሙሴ ወርዶ ሲጠይቀው ግን ወሬው ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ሕዝቡ ለክፋት የተዘጋጀ መሆኑን አንተም ታውቃለህ አለ። ቀጥሎ ወርቁን እሳት ውስጥ እንደጣለውና ጥጃው እንደወጣ ተናገረ። ወጣ! ወጣቱ በዚህች አንዲት ግሥ ላይ ረጅም አንቀጽ ጽፏል። እሳቱ ራሱ የሠራው፣ የሰው እጅ ያልነካው ይመስል። ከዚያ ወደ ሙሴ ዞረ። ሙሴ ተራራው ላይ ነበር። ጥጃውን አልሠራም፤ ሲሠራም አላየም። ግን ተመልሶ ወጣና ይቅር ካላልካቸው እኔንም ከጻፍከው መጽሐፍ ደምስሰኝ አለ። ያጠፋው ሰው ከሕዝቡ ራሱን ለየ፤ ያላጠፋው ከሕዝቡ ጋር ተቆጠረ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ምዕራፍ እኔ አላውቅም።

ምላሽ 4 በትሕትና አረመው። አሮን በዚያው የቀረ እንዳይመስለን። ዘዳግም 9 ላይ እግዚአብሔር አሮንን ሊያጠፋው እስኪደርስ እንደተቆጣና ሙሴ ስለ እሱም እንደጸለየ ተጽፏል። ሊቀ ካህን ሆኖም ቀጥሏል። ሦስተኛው አመስግኖ ተቀበለ።

ምላሽ 5 ሳኦልን ጠራ። ጌልገላ ላይ ሳሙኤል ለምን መሥዋዕት አቀረብክ ብሎ ሲጠይቀው ሦስት ተከሳሾች በአንድ ትንፋሽ አቀረበ። ሕዝቡ ተበተነ፣ አንተ ዘገየህ፣ ጠላት ተሰበሰበ። ሳኦል አንድ ቀን እንኳ በደልኩ ብሎ አያውቅም ሲል ደመደመ። ምላሽ 6 ግን እዚህ ላይ ያዘው። አንደኛ ሳሙኤል 15ን ገልጦ ሳኦል በድያለሁ ያለው ሁለት ጊዜ እንደሆነ አሳየ። ዳዊትም ነቢዩ ናታን ሲመጣበት ያለው ያንኑ ቃል ነው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሳኦል በድያለሁ ካለ በኋላ በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ለመነ። ዳዊት ደግሞ ሕዝቡን በማስቆጠሩ መቅሠፍት በመጣ ሰዓት እነዚህ በጎች ምን አደረጉ፣ እጅህ በእኔና በአባቴ ቤት ላይ ይሁን አለ። አንዱ ቃሉን ተናግሮ ክብሩን ጠየቀ። ሌላው ቅጣቱን ወደ ራሱ ጠራ። አምስተኛው ትንሽ ተቆጣ፤ እንደዚህ ጥቅስ መሰንጠቅ አያስፈልግም አለ። እኔ ግን ስድስተኛው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉ ብቻውን ማንንም አይለይም።

ምላሽ 7 የደረሰኝ ካልጠበቅኩት ሰው ነው። አሰላሙ አለይኩም ብሎ፣ ቀጥሎ ሰላም ለእናንተ ብሎ ገባ። ሙስሊም እንደሆነ፣ ግን የሰፈሩ እድር የሁላችንም እንደሆነና ከዚያ አንድ ነገር ማውራት እንደሚፈልግ ጻፈ። አንድ ቀን የእድሩ ድንኳን መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ለሰርግ ወጣ። በዚያው ሌሊት ሰው ሞተ። ጠዋት ለቀስተኛው መጥቶ ዝናብ ላይ ቆመ። ሁሉም ድንኳን የሚያነሱትን ልጆች ተቆጣ። በወሩ ስብሰባ ላይ የእድሩ ዳኛ ተነሡ። መጋዘኑን የከፈቱት እሳቸው፣ ያልመዘገቡት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ልጆቹን ማንም እንዳይናገራቸው አዘዙ። ደንቡ ለአባል ያስቀመጠውን ቅጣት እዚያው ቆጥረው ከፈሉ። ከዚያ ሽማግሌ ይዘው ሐዘንተኛው ቤት ሄዱ። በሚቀጥለው ምርጫ ሰው ሁሉ መልሶ እሳቸውን መረጠ። ጸሐፊው ለጥያቄዬ ይህ መልስ ይሆን እንደሆነ ጠይቆ ተሰናበተ። በዚህ የውይይት ክር ላይ ትልቁን ምስጋና ያገኘው ይህ ምላሽ ነው።

ከዚያ ምላሽ 8 መጣ።

የጻፈችው አማርኛ አስተማሪ ነች። ሁለት ነገር አነሣች። አንደኛ፣ ግሦቼን ቆጥራለች። ሳይለብስ ቀረ። ታመነበት። ተነሣ። ተሰናበተ። ማን አላለበሰም? ማን አመነበት? ማን አሰናበተ? ልጆች ብርጭቆ ሲሰብሩ ተሰበረ እንደሚሉ፣ እሷም ክፍል ውስጥ ሰበርኩት እንዲሉ እንደምታስተምር ጻፈች። ከአሮን ጥጃ ጋርም አያያዘችው። ሁለተኛው ይብሳል። እሷ በምታውቀው ግቢ ሁሉ ሸራ እንዳይሰረቅ መጋዘን ውስጥ ይቆለፍበታል። ዘበኛው መጋዘኑ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ቁልፉ ማን ኪስ እንደነበር ጠየቀችኝ።

ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልመጣም።

ምላሽ 9 እና 10 ከርዕስ ወጡ። አንዱ መብራት ስለመጥፋቱ፣ ሌላው ስለ መንገድ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ላይ ከመጮህ ባለሥልጣናቱን ጠይቁ የሚል ነገር ተጀመረ፣ ስድብም ተከተለ። ምላሽ 11 የመድረኩ ተቆጣጣሪ ነው፤ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ።

ምላሽ 12። መጋቢ እንደሆነ የነገረን ሰው ነው። ድምፁ ጠንከር ያለ ነበር። መሪ ገበናውን አደባባይ ሲያወጣ በጉን እንደሚበትን፣ ጠላትም እንደሚሳለቅ ጻፈ። ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል የሚለውን የጴጥሮስን ቃል ጠቀሰ። ሴምና ያፌት ወደ ኋላ እየሄዱ የአባታቸውን ዕራቁት እንደሸፈኑም አስታወሰ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህን እል ነበር። እንዲያውም ለዓመታት ያልኩት ይህንኑ ነው።

ምላሽ 13 ቁጣ ነበረበት። ፍቅር የሚሸፍነው የሌላውን ኃጢአት ነው፤ የራስን ስለሚሸፍን ሰው ምሳሌ 28 ላይ ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም ተብሎ ተጽፏል አለ። ኖኅን የሸፈኑት ልጆቹ ናቸው። ኖኅ ራሱን ሸፍኖ ካም ላይ ቢያሳብብ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። መጋቢው መለሰለት፤ እሱም ደገመ። ሁለቱ እስከ ምላሽ 16 ድረስ ተያያዙ። መሀል ላይ የተባባሉትን አልጽፈውም። ለክርስቲያን አይመጥንም ነበር።

ምላሽ 17 ረጋ ያለ ነው። የኦርቶዶክስ አገልጋይ ነው። በእነሱ ሥርዓት ጥፋት ለንስሐ አባት ይነገራል፤ ቀኖናውም ይሰጣል፤ ሁሉም ነገር አደባባይ መውጣት የለበትም። ግን ሰው የተበደለ እንደሆነ አባት ዝም እንደማይሉ ነገረን። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ተብሏልና ሂድና ካስ ይላሉ። አንድ ሰው ደግሞ በምላሽ 18 መዝሙር 51 የሚለውን አንብቡ አለ። አገልጋዩ 50 ነው ብሎ አረመው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ዳዊት የንስሐ መዝሙር ነው፤ የቁጥር አቆጣጠሩ ነው የተለያየው። ለማንኛውም በዚህ ላይ ሁለት ሦስት መልእክት ጠፋ።

ምላሽ 19ን መዝለል አልፈልግም። የሂሳብ ባለሙያ ነው። መሪ ሁልጊዜ እኔ ነኝ ማለቱም አደጋ እንዳለው ተናገረ። በሚያውቀው አንድ ማኅበር ገንዘብ ጠፋ። ሰብሳቢው በየዋህነት ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። ሰው አለቀሰ፣ አቀፈው፣ ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ። ሂሳቡን ግን ማንም አልመረመረም። የወሰደው ሰው ወሰደ። መቆጣጠር ሲገባኝ አልተቆጣጠርኩም ማለትና እኔ ወሰድኩ ማለት ይለያያል። ስለዚህ መሪው የራሱን ድርሻ በልኩ ይናገር፤ ሌላው እውነትም በእሱ ጀርባ አይደበቅ። ይህ ሚዛን ያስፈልገን ነበር።

ምላሽ 20 እንደገና አስተማሪዋ ናት። ለሁሉም ምስጋና እየጻፍኩ ለእሷ ብቻ እንዳልመለስኩ አስታወሰችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ምላሽ 21 የእኔ ነው። እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ከመጋዘኑ ሚስማር ጠፋ ስለተባለ ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብዬ ራሴ መያዝ ጀመርኩ። ቀይ ክር የታሰረባት ትንሽ ቁልፍ ናት። በዚያ ቀን አጋሮ የዘመድ ሰርግ ነበረ። ቁልፉን ሳልመልስ ሄድኩ። አደርኩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ነቃሁ። ኮቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ተነሥቼ ኪሱን ዳሰስኩት። ቁልፉ ነበረ። ጅማ ባይዘንብስ ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። በስብሰባው ላይ ዘበኛውን ለምን አላለበስክም ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። አሁን ሳስበው እኔ እስክናገር እየጠበቀ ነበር። አልተናገርኩም። ቸልተኛ ነው አልኩ። አምስት እጅ ወጣ፤ የመጀመሪያው የእኔ ነው። ስድስት ዓመት ያገለገለንን ሰው አባረርኩት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተለወጠ። ምላሽ 22 እና 23 አመሰገኑኝ፤ ጀግና አሉኝ። ምላሽ 24 ግን አታመስግኑት አለ። ዳዊት በድያለሁ ሲል ያስገደለው ኦርዮ ሞቶ ነበር፤ ይህም ሰው ሲናገር ዘበኛው ከተባረረ ዓመታት አልፈዋል። ደግሞም ተጠይቆ ነው እንጂ በራሱ አልመጣም። ልክ ነው። አልመለስኩለትም።

ምላሽ 25 ሕጉን አመጣ። ዘሌዋውያን 4 ካህን ሲበድል ወይፈን፣ አለቃ ሲበድል ተባት ፍየል፣ ተራ ሰው ሲበድል እንስት ፍየል ያዛል። የመሪ ጥፋት ከሌላው ጋር አይጠቀለልም፤ ለብቻው ክፍል አለው። ዘኍልቁ 5 ደግሞ የበደለ ሰው ይናዘዝ፣ ዕዳውን በሙሉ ይመልስ፣ አምስተኛውንም እጅ ይጨምር ይላል። ያ ሰው ምን ያህል ወር ሥራ አጥቶ እንደተቀመጠ አስበህ አስላ አለኝ። ሌላው ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው የመለሰው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ከልብ ነበር፤ ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ።

ምላሽ 26 ከርዕስ ወጣ፤ ግን ጠቃሚ ነው። ቡና ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ጀንፈል እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ ሲወርድ ነው ለማከማቻ የሚደርሰው። ሊደርቅ የተቃረበ ቡና እንደገና ከረጠበ ሻጋታ ቶሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ሸራ በፍጹም አይቆለፍ፤ አልጋው እግር ሥር ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ሁልጊዜ ማታ ማታ ይልበስ። ሸራውን በቁልፍ ስር ማድረጉ ራሱ የሰብሳቢው ጥፋት ነው ሲል ጨረሰ።

ምላሽ 27 መሪዎቻችን ሁሉ እንዲህ ናቸው እንዳይባል ፈራ። በ1928 ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ በጣሊያን የተገደሉትን አቡነ ጴጥሮስን፣ በ1971 የተገደሉትን የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን አነሣ። ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝቡን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀርተዋል። ምላሽ 28 አጭር ነበር። እነሱ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ ከእኛ የሚፈለገው ሰው ፊት አንዲት ደቂቃ ማፈር ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በዚህች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

ምላሽ 29 ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። አወቀኝ። ስማችንን አጠፋህ ብሎ ክፉኛ ወቀሰኝ። መጨረሻ ላይ ግን ዘበኛው የት ሰፈር እንዳለ በግል ጻፈልኝ።

ምላሽ 30 እንደገና የእኔ ነው። ቅዳሜ ሄድኩ። የአዌቱን ወንዝ ተሻግሮ ነው ቤቱ። በሩ ላይ ስደርስ ጋሼ ብዬ ጠራሁት። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጋሼ ብየው አላውቅም፤ በዕድሜ ግን አባቴን ያህላል። ከዚህ በኋላ እሳቸው እያልኩ ነው የምጽፈው። አስገቡኝ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። የመጣሁበትን ተናገርኩ። እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ አልመለሱልኝም።

ከዚያ አወሩኝ። በዚያ ሌሊት ዝናቡ ሲጀምር በሩጫ ቤቴ መጥተው ነበር። የግቢዬን ቆርቆሮ በር ደበደቡ። ውሻው ጮኸ፤ የከፈተላቸው የለም። ተመለሱ። የሚለብስ ሌላ ነገር ሲያጡ የጥበቃ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ያለውን ላስቲክ ገንጥለው አንዱ አልጋ ላይ አለበሱት። ላስቲኩ ለአንድ አልጋ ብቻ ነው የበቃው። እስኪነጋ ዳሩን በእጃቸው ይዘው ዝናብ ላይ ቆሙ።

በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ ያልኩት አልጋ እሱ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ ተገኘ ብለን ቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍንባቸውም እሱ ነው። በዚያ እሑድ ለተረፈው ቡና ምስጋና አቅርበናል። ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነኝ።

ስለ ገንዘቡ ሳነሣ እጃቸውን አወናጨፉ። ኋላ ባለቤታቸው ተናግረው የስምንት ወር ደመወዝ ከነአምስተኛው እጅ በየወሩ እንድከፍል ተስማማን። እሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነው። ልጃቸው ሰንበት ትምህርት ትማር ነበር። ልጆቹ አባትሽ እንቅልፋም ነው ሲሏት ቀረች። ስለዚህ ያንን ነገር ቤታቸው መጥቼ ሳይሆን፣ ያልኩበት ቦታ ላይ እንድናገረው ፈለጉ።

ምላሽ 31። አስተማሪዋ ናት። ቃለ ጉባኤው ታርሟል ወይ ብላ ጠየቀች።

እዚህ ጋ ልመልስላት። ትናንት ከአምልኮ በኋላ ተሰበሰብን። የያኔዎቹ አምስቱም ነበሩ። ጋሼም መጡ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ቆሜ ተናገርኩ። ቁልፉን ይዤ ሄድኩ፣ ዝናቡን ሰምቼ ተኛሁ፣ በሰው ላይ ዋሸሁ፣ አባረርኩ አልኩ። ሰብሳቢነቱንም አስረከብኩ። ጸሐፊያችን መልካም ሰው ነው፤ ሊያዝንልኝ ፈልጎ በአሠራር ላይ ስህተት መፈጠሩ ተገልጿል ብሎ ጻፈና አነበበልን። እንዲሰርዘው ለመንኩት። እንዴት ብዬ ልጻፍ አለኝ። ስሜን አስቀድመህ፣ ቁልፉ በእሱ ኪስ ነበር በል አልኩት። ሰረዘው። እንደገና ጻፈው። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው ጋሼ ከበሩ አጠገብ ጠየቁ። አነበበው።